ለብረት ሠሪው ያሰመርኩት ጥቁር ጠርዝ

ሰው ኮምፒውተር ላይ ጠመንጃ ሲደግን ያየሁት ደብረ ማርቆስ፣ በገዛ ሱቄ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሳቅ የሚያመልጠው ካለ ይሳቅ፤ እኔም ዛሬ ዛሬ ሳወራው ያስቀኛል። ያን ቀን ግን ከንፈሬ ተሰንጥቆ የራሴን ደም እየዋጥኩ ስለነበር ሳቅ የሚባል ነገር በደጄም አላለፈ።

ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሱቄ አንዲት ክፍል ናት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ እሠራለሁ፣ የመታወቂያ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሲቀናኝ ደግሞ ለነጋዴዎች ዌብሳይት እሠራለሁ። ይኼን የመጨረሻውን ማንም አላስተማረኝም። ትምህርቴን አሥረኛ ላይ አቁሜ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቼ ስጎረጉር፣ አንድ ቀን አንዱ ገጽ ላይ ማውሱን በቀኝ በኩል ተጫንኩና ከተዘረዘሩት ቃላት መጨረሻ «ኢንስፔክት» የሚለውን ነካሁት። ገጹ ለሁለት ተከፈለ፤ በጎን በኩል ጓዳው ወለል አለ።

ጓዳ የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እናንተ ስልካችሁ ላይ የምታዩት ሳሎኑን ነው፤ የተጠረገውን፣ የተነጠፈውን። ከጀርባው ዕቃ የሚታጠብበት፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት ጓዳ አለ። ገጹን የሚከፍትላችሁ ፕሮግራም፣ ብሮውዘሩ፣ ጓዳውን ከፍቶ ያሳያችኋል፤ ከዚያም አልፎ እጃችሁን እንድታስገቡበት ዕቃ ያቀብላችኋል። ትንሽ ባለቀለም አራት ማዕዘን አለች፤ እሷን ስትነኩ የቀለም ሰሌዳ ይዘረጋል፣ ጣታችሁን ጎተት ባደረጋችሁ ቁጥር ገጹ ቀለሙን ይቀይራል። የጥላ መሣሪያ አለ፤ አንዲት ነጥብ ወደ ግራ ስትስቡ ፎቶው እንደ ማለዳ ዛፍ ጥላውን ወደ ግራ ይጥላል። ሳጥን በሳጥን የተከበበበት ሥዕልም አለ። መኻል ላይ ቤቱ፣ ዙሪያውን ግቢው፣ ከዚያ አጥሩ፣ ከአጥሩ ውጭ መንገዱ። የአጥሩን ቁጥር ከፍ ሳደርገው ይወፍራል፤ ዝቅ ሳደርገው ክር ያህላል። ስንቱን ቀን ምሳዬን ረስቼ በዚያ ስጫወት ውያለሁ መሰላችሁ!

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። በጓዳው ውስጥ የምትሠሩት ሁሉ የሚታየው በእናንተው ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ወደ ዓለም አይወጣም። ገጹን ሪፍሬሽ ስታደርጉት፣ እንደ አዲስ ስትከፍቱት ማለት ነው፣ እንዳልነበረ ይሆናል። ልብስ ሱቅ ገብቶ ኮት ለክቶ በመስተዋት ራስን እንደማየት ነው፤ ካልገዛችሁት አውልቃችሁት ትወጣላችሁ።

ያን ቀን ኮቱን የለካው ብረት ሠሪው ነው። የግቢ በር፣ የመስኮት ብረት፣ የአጥር ጦር የሚበይድ፣ ቁመቱ ዝግባ፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው። ትውልዱ አምበር አካባቢ ነው፤ ሥራው እዚህ ከተማ። የሠራሁለት ዌብሳይት አልቆ ለሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ከላይ ስሙ በትልቁ፣ ከሥሩ የእሱ ፎቶ፣ ወረድ ሲል የበሮቹ ፎቶ። በጠዋት መጣና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ይኼ ፎቶዬን የከበብሽበት ነጭ የሙሽራ መሰለ። ጥቁር አድርጊልኝ።»

«ኧረ በማርያም! ሟች ትመስላለህ።»

«ብረት ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ጥቁር።»

«እኔ ምን እሸጣለሁ?»

«ብረት።»

«እንግዲያ ጨርሰናል። እንደ በር መቃን ወፍራም አድርጊና ግጠሚኝ።»

እኛ አገር ፎቶ በጥቁር የሚከበበው ባለቤቱ ሲሞት ነው። የለቅሶ ማስታወቂያ ላይ፣ የአርባ መጥሪያ ላይ፣ የሙት ዓመት ላይ። ይኼን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሱ ግን ፈሊጡ ሌላ ነው፤ እንኳን በፎቶ፣ በገዛ መቃብሩም ላይ በር ይገጥማል። ጓዳውን ከፈትኩና ነጩን ወደ ጥቁር ጎተትኩት። አጥሩን አወፈርኩት። ጥላውንም ከሥሩ ጣል አደረግሁበት።

«እኔ ልሙት፣ ያምራል!» ብሎ ጉልበቱን መታ። «አታጥፊው! ቁይ ከተማ ለቤተ ክርስቲያን የግቢ በር ልገጥም እየሄድኩ ነው፤ ስመለስ ሠራተኞቼን ይዤ መጥቼ አሳያቸዋለሁ። እነሱ ካልሳቁብኝ ያኔ ታወጪዋለሽ።»

አይሱዙ መኪናው ላይ በሮቹን ጭኖ፣ ሠራተኞቹን አሳፍሮ ሄደ። እኔም እንዳለው ተውኩት። ሱቄ ውስጥ ሁለት ስክሪን አለ፤ አንደኛው ወደ እኔ፣ ሌላኛው ደንበኛ የሚጻፍለትን እንዲያነብ ወደ በሩ የዞረ። ብረት ሠሪው ከነስሙ፣ ከነጥቁር መቃኑ፣ ወደ መንገድ ፊቱን አዙሮ ቀረ። ወረቀት ስላለቀብኝ ጎረቤቴን በር አስጠብቄ ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ ኡኡታውን ከሩቅ ሰማሁት።

አክስቱ ናቸው። እዚሁ ከተማ የሚኖሩ ትልቅ ሴት፤ የመታወቂያ ፎቶ ሊነሱ መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው ስክሪኑን አይተዋል። ነጠላቸውን ጥለው ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይመቱታል፣ ፊታቸውን በጥፍራቸው ቧጨው ደም ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ጎረቤቴ ወገባቸውን ይዛ አብራ ታለቅሳለች።

«እማማ! እማማ፣ ይስሙኝ! አልሞተም እኮ! አሁን ከዚህ ነው የሄደው፤ ደህና ነው!»

እጄን ያዙና በእንባ ዓይናቸው አዩኝ። «አውቃለሁ የኔ ልጅ። ደግ ነሽ። እግዜር ይስጥልሽ።»

ይኸውላችሁ፣ ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ነው። እኛ ጎጃሞች መርዶ በድንገት አንነግርም። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ «ትንሽ አሞት ነው» ይባላል፤ «ደህና ነው፣ ብቻ ና» ይባላል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሰዓቱ ይጠበቃል፣ ከዚያ ነው እውነቱ የሚወጣው። ስለዚህ አንድ ፎቶ በጥቁር ተከቦ ከታየ በኋላ «ደህና ነው» ብሎ የሚምል ሰው ሞቱን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። እኔ በማርያም፣ በሚካኤል፣ በሞተች እናቴ በማልኩ ቁጥር፣ አክስትየው ደረታቸውን ይበልጥ ይመቱ ጀመር። ጎረቤቴም ጆሮዬ ላይ «ተይ፣ በቃ፣ ገብቷቸዋል» ትለኛለች።

«ኧረ ምኑ ነው የገባቸው!»

ለካ እኔ ሳልደርስ አምበር ደውለዋል። ለብረት ሠሪው ታናሽ ወንድም «ወንድምህን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና» ብለውታል። ስልኬን አውጥቼ ብረት ሠሪው ጋ ደወልኩ፤ አይነሳም። ደገምኩ፤ ኔትወርኩ ሄደ። እኛ ዘንድ ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ እንጂ ሲሄድ አይናገርም።

ወንድምየው ለምን እንዳስፈራኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት፣ የእነሱ የአጎት ልጅ በግጦሽ ድንበር ከጎረቤት ተጣልቶ ሰውየውን በመጥረቢያ አናቱን ከፍሎት ነበር። የሞተው ሰው ታናሽ ወንድም አሁን ደብረ ማርቆስ ገበያ እህል ይነግዳል። ገዳዩ ታስሮ በሕመም ሞተ። ሽማግሌ ገባ፣ ቄስ መስቀል ይዞ ቆመ፣ ሁለቱም ወገን ማለ፣ እርቅ ወረደ። ነጋዴው መሐላውን አክብሮ የኖረ ሰው ነው። ወንድምየው ግን ገዳይ አልጋው ላይ ሲሞት ደም ተመለሰ አይባልም ብሎ፣ አንድ ቀን ከእኛ አንዱን ይጥላሉ እያለ፣ ከጠመንጃው ጋር ሲተኛ የኖረ ነው። ወንድሙ ሞቷል ካሉት ማን ገደለው ብሎ አይጠይቅም። መልሱ ከተዘጋጀ ቆይቷል።

አክስትየውን ሴቶች ደግፈው ወደ ብረት ሠሪው ቤት ወሰዷቸው። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ከሱቄ በር ሆኜ ሳይ ሰዎች የድንኳን እንጨት ተሸክመው ያልፋሉ። ሮጬ አንዱን ያዝኩትና «ኧረ ሰውየው አልሞተም!» ስለው፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ትከሻዬን ዳበስ አድርጎኝ አለፈ።

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ጥቁሩን ላጠፋው ስል ደግሞ እጄ ቆመ። ካጠፋሁት በምን አስረዳለሁ? ወንድምየው መምጣቱ አይቀርም። በዓይኑ እያየ ባሳየው ይሻላል አልኩ።

ከሁለት ዘመዶቹ ጋር መጣ። ቀጭን፣ ዓይኑ የቀላ፣ ጋቢውን በዚያ ሙቀት ተከናንቦ። ጋቢው ሥር ምን እንዳለ ከአረማመዱ ታወቀኝ።

«ሬሳው የት ነው?» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ሬሳ የለም፣ ወንድምዓለም። ቁይ በር ሊገጥም ሄዷል። ደህና ነው።»

«አክስቴ አሞታል አለችኝ፤ አንቺ ደህና ነው ትይኛለሽ። አባቴ የሞተ ዕለትም ደህና ነው ነበር ያላችሁኝ። እስቲ አንዳችሁ እንኳ እንደ ሰው ንገሩኝ!»

«ንገሩኝ ካልክ ና፣ ቁጭ በል፣ በዓይንህ እይ።»

አልተቀመጠም። ከኋላዬ ቆመ፤ ትንፋሹ አንገቴን ያቃጥለኛል። የቀለሙን አራት ማዕዘን ከፈትኩና ጎተትኩት። የፎቶው ጠርዝ አረንጓዴ ሆነ። ቢጫ ሆነ። ቀይ ሆነ። «አየህ? ጨዋታ ነው። እሱ ራሱ ነው ጥቁር አድርጊልኝ ያለኝ፤ የበር መቃን ይምሰል ብሎ። እዚህ ስክሪን ላይ እንጂ የትም የለም።»

«በወንድሜ ለቅሶ በቀለም ትጫወቻለሽ?»

«ኧረ ለቅሶ የለም! ቆይ፣ ጭራሽ ላጥፋልህ፣ የበፊቱን ነጩን ታያለህ» ብዬ ገጹን ሪፍሬሽ አደረግሁት።

ኔትወርክ እንደሌለ ረስቼ።

ፎቶው ጠፋ። ስሙ ጠፋ። በሮቹም ጠፉ። ባዶ ነጭ ወጣና መኻሉ ላይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የምትመጣው ትንሽዬ ግራጫ አውሬ፣ ዳይኖሰሯ፣ ቆመች። ታውቋታላችሁ፤ ልጆች የሚያዘልሏት።

«ወንድሜን ወዴት አደረግሽው?»

ጋቢው ወደቀ። ጠመንጃውን አወጣና ወደ አውሬዋ ደገነ። እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

«ተው እንጂ አንተ!» አለው አንደኛው ዘመዱ። «ሣጥን ልትገድል ነው?»

«ዝም በል! ስታጠፋው አላየህም? ማን ላካት? ማን ነው አጥፊው ያለሽ?»

«ማንም—» ስል ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ ስክሪኑን ወቀጠው። መስተዋቱ ፊቴ ላይ ተረጨ። ላፕቶፔን ላድን ተወረወርኩ፤ ሁለተኛው ምት አፌ ላይ አረፈ። መሬት ላይ ስነቃ ጥርሴ እንዳለ በምላሴ እየቆጠርኩ ነበር። አንዱ ተነቃንቋል፤ ዛሬም በቀዝቃዛ ውኃ ያመኛል።

ከበሩ ላይ ድምፁን ሰማሁት። «የወንድሜ ደመኛ ገበያ ላይ ቆሞ ጤፍ ይሰፍራል! እኔ እዚህ ከሴት ጋር እከራከራለሁ!»

ተነስቼ ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አትጠይቁኝ። ምንስ እችል ነበር? ብቻ ያ ነጋዴ ሲሰፍር ሁልጊዜ እፍኝ የሚጨምር ሰው ነው፤ የልጆች አባት ነው፤ ደሙ ደግሞ ላልሞተ ሰው ሊፈስ ነው። ጫማዬ አንዱ ወልቆ መንገድ ላይ ቀረ። ደም በአገጬ እየወረደ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ ሰው ሁሉ የለቅሶ ሴት መስያቸው መንገድ እየለቀቁልኝ እህል ተራ ደረስኩ።

ነጋዴው ያን ቀን ከመርጡለ ማርያም ጤፍ አስጭኖ ገና መግባቱ ነበር። ስለ ለቅሶው አልሰማም። ከጆንያዎቹ መኻል ብድግ ብሎ፣ ወንድምየውን ሲያይ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፤ የቆየ ነገር አለና። ቢሆንም እንደ ወጉ ጎንበስ አለ።

«እንዴት ዋላችሁ? አገር ደህና? ወንድምህስ ደህና ነው?»

ጌታዬ! ከሰላምታ ሁሉ ያንን!

«ትጠይቀኛለህ?» ወንድምየው ድምፁ ቀጠነ። «ቀብረኸው ደህና ነው ትለኛለህ?»

ጠመንጃው ተነሣ። ገበያው እንደ ተመታ ንብ ሆነ፤ ሴቶች ጆንያ ሥር፣ ልጆች ጋሪ ሥር። እኔ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮኽኩ።

«በሕግ አምላክ!»

ይኼን ቃል የሰማ ሰው ባለበት ይቆማል። አያቶቻችንም ቆመውበታል። ሌባ ይቆምበታል፣ የተቆጣ ሰው ይቆምበታል። ወንድምየውም ቆመ። አምላክ ምስክሬ ነው፣ ቆመ! ጣቱ ምላጩ ላይ ሆኖ አንገቱን ወደ እኔ መለሰ። አፌን፣ ደሜን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የሚናገር ነገር ነበረው።

ሳይናገር የነጋዴው ትልቁ ልጅ ከኋላው የሚዛኑን ብረት ይዞ መጥቶ ትከሻውን ደቆሰው። ጠመንጃው ጮኸ።

ጥይቱ አንዱን ጆንያ በስቶ ነጋዴው ጭን ውስጥ ገባ። ነጋዴው አልጮኸም። «እ!» ብቻ አለና ተቀመጠ፤ ሰው ደክሞት እንደሚቀመጥ። ነጭ ጤፍ ከተበሳው ጆንያ እየተንቆረቆረ እግሩ ላይ ይፈሳል፤ ጤፉ ሲነካው ወዲያው ይቀላል። ጤፍ ደም ሲጠጣ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አላየሁም፤ እላዩ ላይ ወድቄ ቁስሉን በነጠላዬ እየጫንኩ ነበር። የሰማሁትን ግን ሰምቻለሁ። ብረት አጥንት ላይ ሲያርፍ። የነጋዴው ልጆችና ተሸካሚዎቹ ወንድምየውን መሬት ላይ ጥለው ሲወቅጡት። አንደኛው ዘመዱ ጩቤ መዝዞ የአንዱን ተሸካሚ መዳፍ ሲሰነጥቀው፤ ሌላኛው በድንጋይ ተመትቶ «እናቴን!» እያለ ሲሸሽ። «ጨርሰው! ጨርሰው!» የሚል ድምፅ ነበር፤ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አይጫኑኝ፣ ያመኛል» አለኝ ነጋዴው። እኔን አንቱ አለኝ፤ አእምሮው መሄድ ጀምሯል።

«ይታገሱ ጋሼ። ካልተጫንኩት ይፈሳል።»

የመኪና ጥሩምባ እየጮኸ መጣ። አይሱዙው ነው። ለካ ብረት ሠሪው ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርስ አንዲት የሰፈሩ ሴት አይታው አማትባ እዚያው ተዘርራለች፤ ሌላዋ ናት ድንኳኑንም፣ ወንድሙ ጠመንጃ ይዞ ወደ እህል ተራ መሮጡንም የነገረችው። ከመኪናው ዘሎ ወረደና በሰው መኻል ገባ። ሰዉ ከፊቱ እንደ ውኃ ተከፈለ። አንዱማ «በስመ አብ!» ብሎ የያዘውን ዱላ ጣለ።

ወንድምየው ከወደቀበት ባንድ ዓይኑ ቀና ብሎ አየው። ሌላኛው አብጦ ተዘግቷል።

«አያ?» አለ። «አያ፣ አንተ ነህ?»

ብረት ሠሪው ኮሌታውን ይዞ አነሣውና በጥፊ ግራ ቀኝ አጮለው፤ ደሙ ጆንያዎቹ ላይ ተረጨ። «ማነው የገደለኝ? ንገረኝ፣ ማነው የገደለኝ?»

ታናሽየው በአንድ ጊዜ እያለቀሰ እየሳቀ ፊቱን ይዳብሰው ጀመር፤ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ እንደ ዕውር። ደግሞ ዞር ብሎ ነጋዴውን አየና እጁን ከወንድሙ ፊት አወረደ።

ቁይ ላይ በልክ አልገጥም ብላ የተመለሰች አንዲት የበር ክንፍ መኪናው ላይ ነበረች። ሠራተኞቹ አወረዷት፤ ነጋዴውን እላይዋ ላይ አጋደምነው፤ እኔ ከነጠላዬ ጋር ቁስሉን እንደያዝኩ አብሬ ተጫንኩ። ወንድምየውን ፖሊስ ደርሶ ይዞት ሄደ።

ሆስፒታል ነጋዴውን ወደ ውስጥ አስገቡት። እኛ ግቢው ውስጥ ቀረን። የነጋዴው ሚስት ደረሰች፤ ነጭ ለብሳ፣ እንባ የሌላት፣ የተቆጣች ሴት። እጄን አይታ የማን ደም እንደሆነ ሳልነግራት አወቀች። ምን ሆኖ ነው አለችኝ። ነገርኳት፤ ፎቶውን፣ ጥቁሩን መስመር፣ ስክሪኑን።

«መስመር?» አለችኝ። «ባሌ በመስመር ነው የተመታው?»

አዎ አልኳት።

ሐኪሙ ወጥቶ የደም ሥር ተበጥሷል፣ እያየነው ነው ብሎ ተመልሶ ገባ። ያኔ የነጋዴው ልጆች ነገር አስፈራኝ። ሦስቱም ከአጥሩ ሥር ቆመዋል፤ የሚዛኑ ብረት አሁንም በትልቁ እጅ ነው። አባታቸው ከሞተ ወደ ማን እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፖሊስ ጣቢያ ያለውን አያገኙትም፣ ውጭ ያለውን ግን ያገኙታል። ከዚያም የእነዚያ ወገን ይነሣል፤ ከዚያም የእነዚህ። እስከ ልጅ ልጅ እየተገዳደለ ይቀጥላል።

ብረት ሠሪውም ይኼንኑ ሲያስብ ነበር መሰለኝ። ከተቀመጠበት ተነሣና ግቢው ጥግ ካለው ክምር አንድ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመ። ይቅርታ የሚለምን ጥፋተኛ ወግ ነው። ጎንበስ ብሎ እየተራመደ ልጆቹ ፊት ሄዶ ቆመ።

«ወንድሜ ነው ያደረገው፣ ስለ እኔ ብሎ ነው ያደረገው» አለ። «አባታችሁ ካለፈ ሌላ አትፈልጉ። የምትፈልጉት እኔን ነው። እነሆኝ፤ ሽማግሌም አልላክሁ።»

«ድንጋይህን አስቀምጠው» አለ ትልቁ።

«አላስቀምጥም።»

«አስቀምጠው ብዬሃለሁ!»

«ምቱኝና ይውደቅ።»

መታው። ብረቱ ጎኑ ላይ ሲያርፍ ድምፁን በጥርሴ ሰማሁት። ድንጋዩ አልወደቀም። ደገመው። ጉልበቱ ታጠፈ፤ ድንጋዩን ግን ይዞታል። ትንሹ ልጅ «በቃ፣ ወንድሜ» ይላል፣ መኻከለኛው ደግሞ «ጨምርለት!» ይላል። እኔ በሕግ አምላክ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ያበጠ ከንፈሬ አልታዘዘኝም። ሦስተኛው ምት ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈና ድንጋዩም ሰውየውም አብረው ወደቁ። ትልቁ ልጅ ብረቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣ።

«አንተ!» የእናትየው ድምፅ ከበሩ። «አባትህ ነቅቷል፤ ውኃ አምጡ እያለ ነው!»

ብረቱ እላይ ቀረ። ልጁ እናቱን አየ፣ የወደቀውን ሰው አየ።

«ውኃ?» አለ።

«ውኃ። ሐኪሙ አይጠጣም አለ፣ እሱ ግን ሐኪሙን ይሳደባል።»

ብረቱ መሬት ላይ ወደቀ። ልጆቹ እየተጋፉ ወደ ውስጥ ሮጡ። እኔ ተንበርክኬ የብረት ሠሪውን ራስ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ከጆሮው ደም ይወርዳል፤ ከአፉም።

«አልሰማሁም» አለኝ። «ሴትየዋ ምን አለች?»

«ነጋዴው ነቅቶ ውኃ ጠየቀ አለች።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ፈገግ ብሎ በደም የተለወሰ ጥርሱን አሳየኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ስጡት እንጂ!»